አንጎሉ ለተጎዳ ሰው በልኩ የተዘጋጀ ተሃድሶ

ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት
ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ አንጎላቸው የተጎዳና የነርቭ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በግል ዕቅድ የሚመራ የተሃድሶ ሕክምና እንዲያገኙ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

በስትሮክ፣ በመኪና አደጋ፣ በጥይትና በልዩ ልዩ የነርቭ ሕመም የተጎዱ ሰዎች እንደገና እንዲቆሙ፣ በእጃቸው እንዲጎርሱና ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ የምረዳ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍላችሁ አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። አንጎሉ የተጎዳ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ለእሱ ተብሎ የተዘጋጀ፣ በጽሑፍ የሰፈረ የተሃድሶ ዕቅድ በእጁ ይያዝ፤ ዕቅዱን የሚከታተለው ባለሙያም በስም ይታወቅ። ዛሬ በአብዛኛው ይዞ የሚወጣው የመድኃኒት ማዘዣና የቀጠሮ ወረቀት ነው።

ሕይወት በማትረፍ በኩል አገራችን ብዙ ርቀት ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሲጀመር፣ ሙያውን የሚያውቁት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ የዚያ ሥልጠና ፍሬዎች በክልል ከተሞችም ጭምር ቀዶ ሕክምና ያደርጋሉ። የድንገተኛ አደጋ ሕክምናም ራሱን ችሎ የሚሰጥባቸው እንደ አቤት ያሉ ሆስፒታሎች አሉን። ቀድሞ መንገድ ላይ ወይም በደረሰበት ሆስፒታል ሕይወቱ ያልፍ የነበረ ወጣት አሁን ይተርፋል። ለዚህ የደከሙትን ሁሉ አመሰግናለሁ። ነገር ግን የተረፈው ሰው ብዛት በጨመረ ቁጥር፣ ከተረፈ በኋላ የሚኖረው ኑሮ የማን ኃላፊነት ነው የሚለው ጥያቄም አብሮ ይጨምራል። እስካሁን ጥያቄው የተተወው ለአስታማሚው ነው። እናት፣ እህት ወይም ሚስት "አንቀሳቅሱት" የሚል ምክር ተቀብላ ትሸኛለች። ምኑን፣ እንዴት፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ምን ሲታይ መቆም እንዳለበት የሚነግራት የለም።

ለሁሉም አንድ ምክር የማይበቃበት ምክንያት ከራሱ ከአንጎል ይጀምራል። የአንጎል ጉዳት አንድ ስም ይያዝ እንጂ በእያንዳንዱ ሰው ላይ ሌላ መልክ አለው። የአንጎሉ ግራ ክፍል በስትሮክ የተመታ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ይዝላል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ንግግሩ አብሮ ይሄዳል። አንዱ የሚነገረው እየገባው መመለስ ያቅተዋል። ሌላው ቃላት ይፈሱለታል፣ ግን ትርጉም አይሰጡም። ቤተሰቡ አእምሮውን የሳተ ይመስለውና እንደ ሕፃን ያናግረዋል፣ በፊቱም ስለ እሱ እንደሌለ ሰው ያወራል። ለዚህ ሰው የንግግር ቴራፒስት ሳይመጣለት እግሩን ብቻ ማሠልጠን ከሕይወቱ ትልቁን ክፍል እንደጠፋ መተው ነው።

የቀኙ የአንጎል ክፍል የተመታ ሰው ደግሞ በደንብ እየተናገረ ግራ ጎኑን ሊረሳ ይችላል። ከትሪው በስተቀኝ ያለውን ጨርሶ በስተግራ ያለውን ሳይነካ "በቃኝ፣ አልቋል" ይላል፤ ቤተሰቡም የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ ይመስለዋል። በር ሲያልፍ ግራ ትከሻው ከመቃኑ ይጋጫል። ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ የተጎዳው ወደ ግራ ልብ እንዲል የሚያደርገው የአንጎሉ ሥራ ነው። ይህን ሰው ወደ ግራ መፈለግን ሳናስተምረው እግሩን ብቻ ብናበረታ፣ መራመዱ ራሱ አደጋ ይሆንበታል። መንገድ ሲሻገር በግራው የሚመጣውን መኪና ልብ አይለውም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ጉዳቱ የማይታይለት ሰው ነው። ከሞተር ሳይክል ወይም ከባጃጅ ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ወጣት ቁስሉ ይድናል፣ ፀጉሩ ይበቅላል፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሰፈሩም "ተመስገን፣ ዳነ" ይላል። እሱ ግን የተላከበትን ይረሳል፤ ጫጫታ አይችልም፤ በትንሹ ይቆጣል፤ የጀመረውን ሥራ መጨረስ ያቅተዋል። ሚስቱ ጸባዩ ስለተበላሸ ታዝናለች፤ አሠሪው ሰነፈ ብሎ ያሰናብተዋል። ለዚህ ወጣት የጡንቻ ልምምድ ብቻ ምንም አይፈይድለትም። የሚረዳው ማስታወሻ ደብተር፣ ሰዓቱን የሚያስታውሰው የስልክ ድምፅ፣ በእረፍት የተከፋፈለ የሥራ ቀን ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ይህ ስንፍናም ክፋትም እንዳልሆነ፣ የተጎዳው የፊተኛው የአንጎል ክፍል መሆኑን ለሚስቱና ለአሠሪው ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ፓርኪንሰን ያለባቸው አዛውንት ዋና ችግራቸው የጡንቻ መዛል አይደለም፤ እንቅስቃሴን መጀመር ነው የሚያስጨንቃቸው። በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው መሬት የያዘው ያህል ይቆማል። እሳቸውን የሚረዳቸው ወለሉ ላይ የተሰመረ መስመር፣ በጭብጨባ ወይም በቆጠራ የሚሰጣቸው ምት ነው። ልምምዳቸውም ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒታቸው በሚሠራበት ሰዓት እንዲውል መታቀድ አለበት። ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የሚጥል በሽታ የመጣባት ሴት ደግሞ የተሃድሶ ዕቅዷ የሚጀምረው ከምድጃዋ ነው፦ እሳቱ ከመሬት ከፍ ይላል፣ ስትጋግር ሰው አጠገቧ ይሆናል፣ ወንዝ ብቻዋን አትወርድም። ገበሬ የቆላውን ዘር ደጋ ወስዶ አይዘራም፤ እኛ ግን ለእነዚህ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት የልምምድ ወረቀት እናድላለን።

ጉዳቱ የየራሱ እንደሆነ ሁሉ ኑሮውም የየራሱ ነው። በሥራችን የምንጠቀምባቸው ብዙዎቹ መመዘኛዎች የተሠሩት በሌላ አገር ኑሮ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመውና እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የባርቴል መለኪያ ጠቃሚ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ሆኖም ደረጃ መውጣትን ይጠይቃል እንጂ እንጀራ ቆርሶ መጉረስን፣ ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳትን፣ በክረምት ጭቃ ዳገት መውጣትን አይጠይቅም። ከመደብ ወይም ከምንጣፍ ላይ መነሳት ከአልጋ ከመነሳት ምን ያህል እንደሚከብድም አይመዝንም።

ቀኝ እጁ የሰለለውን ሰው እንውሰድ። የውጭ መጽሐፍ በግራው መብላትን እናስተምረው ይላል። በእኛ ማዕድ ግን ወደ ጋራ ትሪ ግራ እጅ መስደድ ነውር ነው። ሰውየው ያፍራል፣ ለብቻው መብላት ይጀምራል፣ ቀስ በቀስም ከእንግዳ፣ ከእድርና ከሠርግ ይቀራል። ስለዚህ ለዚህ ሰው ቀኝ እጁን ቢያንስ ለአንድ ጉርሻ ያህል መመለስ ከማንኛውም የጡንቻ ልኬት የበለጠ ግብ ነው። ያ የማይቻል ከሆነም ከቤተሰቡ ጋር በግልጽ ተነጋግሮ፣ በማዕዱ ላይ በክብር የሚበላበትን መንገድ መፈለግ የሕክምናው አካል ነው።

ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ በእጁ መወርወሪያውን ሲወረውር በእግሩ መርገጫውን ይረግጣል፤ ለእሱ እጅና እግርን ማቀናጀት እንጀራው ነው። እንጀራ ጋግራ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ሊጡን በምጣዱ ዙሪያ የምታዞርበት ክንድና የምትጎነብስበት ወገብ ያስፈልጋታል። ለአንድ ቄስ ቅዳሴው እስኪያልቅ መቆም፣ ለአንድ ሙስሊም አባት ግንባራቸውን መሬት አድርሰው ከሱጁድ መነሳት ከምንም በላይ የሚሹት ነገር ሊሆን ይችላል። "ምን መሥራት ቢመለስልዎ ደስ ይልዎታል?" ብዬ ስጠይቅ የክርን መታጠፍን በዲግሪ ለክቶ የነገረኝ ሰው የለም። ብቻዬን መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ ቡና ማፍላት፣ በልጄ ሠርግ ቆሜ መመረቅ ይሉኛል። የግል ዕቅድ ማለት እነዚህን መልሶች ወደ ሕክምና ግብ መለወጥ፣ ግቡን በትናንሽ እርከኖች መከፋፈልና ለእያንዳንዱ እርከን ጊዜ መቁረጥ ነው።

ቋንቋም ከኑሮው አይለይም። በቤቱ አፋን ኦሮሞ ወይም ሲዳምኛ እየተናገረ ያደገ፣ በሥራው አማርኛ የሚጠቀም ሰው ንግግሩ በስትሮክ ሲጠፋ ሁለቱ ቋንቋዎች በእኩል ላይመለሱ ይችላሉ። ፈረንሳዊው ሐኪም አልበርት ፒትር ይህን ጉዳይ በስፋት የጻፈበት እ.ኤ.አ. በ1895 ነበር። እኛ ግን ዛሬም በአንድ ቋንቋ ብቻ ጠይቀን ካርዱ ላይ "መናገር አይችልም" ብለን ልንጽፍ እንችላለን። ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁትን እናት ሰዓት እንዲስሉ ጠይቆ የአእምሮ ችሎታቸውን መመዘንም እንደዚሁ ፍትሕ የለውም። የገበያ ዋጋ፣ የልጆቻቸውን ልደት ቅደም ተከተል፣ ወጥ የሚሠሩበትን ሂደት ብንጠይቃቸው ስለ አእምሯቸው ብዙ እንረዳለን።

ይህ ሁሉ የመልካም ልብ ምኞት ብቻ እንዳይመስላችሁ ምርምር ያረጋገጠውን ላስታውሳችሁ። በአምስት አገሮች 2104 የስትሮክ ሕሙማንን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የአቨርት ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሕሙማንን በብዛትና በጫና ከአልጋ ማንቀሳቀስ ከተለመደው እንክብካቤ ጋር ሲነጻጸር መልካም ውጤት የሚያገኙትን ሰዎች ቁጥር እንደሚቀንስ አሳየ። የዚያው ጥናት ቀጣይ ትንተና አጫጭርና ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ከረዥሙ የተሻለ መሆኑን ጠቆመ። እንግዲህ "ቶሎ አንቀሳቅሱት" የሚለው ምክር እንኳ መጠንና ሰዓት ካልተለካለት ሊጎዳ ይችላል።

ጤነኛውን እጅ አስሮ የደከመውን ማሠራት የሚባለው ዘዴም ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የኤክሳይት ጥናት 222 ሰዎችን አሳትፎ ዘዴው እንደሚሠራ አሳይቷል። ነገር ግን ጥናቱ የተካሄደው የእጅ አንጓቸውንና ጣቶቻቸውን ጥቂት መዘርጋት በሚችሉ ሰዎች ላይ ነው። ምንም መዘርጋት ለማይችል ሰው ጤነኛ እጁን ማሰር ተስፋ ማስቆረጥ ብቻ ይሆንበታል። ማን ለየትኛው ዘዴ እንደሚሆን ሳይመረመር የሚሰጥ ሕክምና፣ ዘዴው ራሱ መልካም ቢሆንም እንኳ ይከሽፋል።

ሦስተኛውን ጥናት በተለይ ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ፤ ምክንያቱም የእኛን ሁኔታ በቀጥታ ይነካል። በህንድ 14 ሆስፒታሎች 1250 ሕሙማንን ይዞ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የአቴንድ ጥናት፣ ቤተሰብን አሠልጥኖ ተሃድሶውን በቤት እንዲሰጥ ማድረግ በቂ መሆን አለመሆኑን ፈተሸ። ከስድስት ወር በኋላ በሞትም ሆነ በሰው እጅ በመውደቅ በኩል ከተለመደው እንክብካቤ የተለየ ውጤት አልተገኘም። የቤተሰብን ፍቅርና ድካም ማንም አይተካውም። ቤተሰብም ባለሙያን ሊተካ አይችልም። አገራችን ባለሙያ ስለሌላት ሥራውን ለአስታማሚ እንተወው የሚል ሐሳብ ሲነሳ፣ መልሱ በእነዚያ ሕሙማን ላይ ታይቷል።

የምጠይቃችሁ ነገር በሕግ በኩልም አዲስ አይደለም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች ማቋቋሚያና እርዳታ እንዲመድብ ግዴታ ጥሎበታል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 26 ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ተሃድሶ በተቻለ መጠን ቶሎ እንዲጀመር፣ በልዩ ልዩ ባለሙያዎች በአንድነት የተደረገ የእያንዳንዱን ሰው ፍላጎትና ብርታት መገምገምን መሠረት እንዲያደርግና ገጠሩን ጨምሮ ለሰው መኖሪያ ቅርብ እንዲሆን ይላል። የግል ዕቅድ ሕግ ካደረግነው ዓመታት አልፈዋል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 እ.ኤ.አ. "ተሃድሶ 2030" የተባለውን ጥሪ አስተላልፏል፤ በግንቦት ወር 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ ተሃድሶ በጤና ሥርዓቱ ውስጥ እንዲጠናከር ወስኗል። ድርጅቱ እንደሚለው በዓለም ከተሃድሶ ሊጠቀሙ የሚችሉ ሰዎች 2.4 ቢሊዮን ያህል ናቸው።

አገራችን ላይ ያለፈው ጦርነት ሸክሙን አክብዶታል። በጥይትና በፍንዳታ ጭንቅላታቸው የተጎዱ ወታደሮች፣ ታጣቂዎችና ሰላማዊ ሰዎች ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ተቋቁሟል። ነገር ግን ትኩረት መሰብሰብ የማይችልን ወጣት የሙያ ሥልጠና ክፍል ውስጥ አስቀምጦ የመቋቋሚያ ገንዘብ ቢሰጡት ብዙ አይጠቀምበትም። አስቀድሞ አንጎሉ ምን ያህል እንደተጎዳ ሊመረመር፣ ሥልጠናውም ለእሱ እንዲመች ሆኖ ሊዘጋጅ ይገባል። የነርቭ ሐኪሙ ኩርት ጎልድስታይን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፍራንክፈርት፣ የነርቭ ሥነ ልቦና ሊቁ አሌክሳንደር ሉሪያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኡራል ተራሮች አካባቢ አንጎላቸው የቆሰሉ ወታደሮችን ይዘው የሠሩት ይህን ነበር። እያንዳንዱን ወታደር በጥንቃቄ መርምረው የቀረለትን ችሎታ ፈለጉ፤ ጠፍቶ የነበረውን ሥራ በቀረው ችሎታ በኩል እንዲሠራ አስተማሩት። የዛሬው የአንጎል ተሃድሶ ከዚያ ሥራ ብዙ ወርሷል።

"ባለሙያ የለንም፣ ገንዘብ የለንም" የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ እውነትም አለው። ነገር ግን የግል ዕቅድ የሚያስፈልገው በተለይ ባለሙያ ላነሰው አገር ነው። ዕቅድ ሲኖር ማን በየሳምንቱ ፊዚዮቴራፒስት ማየት እንዳለበት፣ ማን በወር አንዴ እንደሚበቃው፣ ማንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በቤቱ ልትከታተለው እንደምትችል ይለያል። ዕቅድ ከሌለ ሁሉም በአንድ ወረፋ ይቆማል። ከሩቅ ገጠር አስታማሚውን ይዞ፣ ለትራንስፖርትና ለማደሪያ ከብት ሽጦ የመጣ ሰው በቤቱ ሊሠራው የሚችለውን ልምምድ ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ይመለሳል። ሁለተኛ ግን አይመጣም። የባለሙያውም ጊዜ፣ የገበሬውም ጥሪት ባከነ። ሳይታቀድ የቀረ ተሃድሶ የሚያስከትለውን ወጪ ደግሞ ሁላችንም እንከፍለዋለን፦ የአልጋ ቁስል፣ የሳንባ ምች፣ የተኮማተረ መገጣጠሚያ፣ ትምህርቷን አቋርጣ አባቷን የምታስታምም ልጅ።

ስለዚህ የሚከተሉትን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

1. ዕቅድ ሳይሰጠው ማንም አይውጣ። በስትሮክ፣ በጭንቅላት ጉዳት ወይም በሌላ የነርቭ ሕመም የተኛ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ቤተሰቡ በሚረዳው ቋንቋ የተጻፈ ባለአንድ ገጽ ዕቅድ ይሰጠው። ገጹ ሰውየው ራሱ የመረጣቸውን ግቦች፣ የልምምዱን ዓይነትና መጠን፣ መደረግ የሌለባቸውን ነገሮች፣ የአደጋ ምልክቶችን፣ የሚከታተለውን ባለሙያ ስምና ዕቅዱ እንደገና የሚታይበትን ቀን ይያዝ። ማንበብ ለማይችሉ ቤተሰቦች በሥዕል ወይም በስልክ በተቀዳ ድምፅ ይሰጥ። ከመውጣቱ በፊት አስታማሚው ልምምዱን በባለሙያው ፊት ሠርቶ ያሳይ።

2. ቡድኑ ይሟላ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደሚባለው፣ አንጎል የተጎዳን ሰው አንድ ሙያ ብቻ አይመልሰውም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ሲያሠለጥን ቆይቷል፤ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበርም የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን መልሶ እንዲሠራ የሚረዳ ሙያ) ትምህርት ከፍቷል። እነዚህ ተመራቂዎች፣ የንግግር ቴራፒስቶችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በሆስፒታሎች መዋቅር ውስጥ መደብ ይከፈትላቸው። በየክልሉ ቢያንስ አንድ ሆስፒታል የተሟላ የነርቭ ተሃድሶ ቡድን ይኑረው።

3. ክትትሉ እስከ ቀበሌ ይድረስ። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ ወዲህ የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና እስከ ቤት አድርሷል። ሠራተኞቹ የአልጋ ቁስልን መከላከል፣ ትክክለኛ አቀማመጥን፣ የመዋጥ ችግር ምልክቶችን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት መቋረጡንና የአስታማሚን ድካም መለየት ይሠልጥኑ። ሲቸገሩ በስልክ የሚያማክራቸው የተሃድሶ ባለሙያ ይመደብላቸው። ያለ ባለሙያ ድጋፍ ሌላ ሸክም ብቻ እንዳይሆንባቸው አደራ።

4. ጤና መድኑ ለዕቅዱ ይክፈል። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ጥቅል ውስጥ የነርቭ ተሃድሶ በስሙ ተጠቅሶ ይስፈር። ክፍያውም ለተናጠል ጉብኝት ብቻ ሳይሆን ለሙሉ የዕቅድ ዘመን፣ የቤት ጉብኝትን፣ ዊልቸርን፣ ወከርንና የእጅ ስፕሊንትን አካትቶ ይሁን። ዊልቸሩም በሰውየው ልክና በሚኖርበት መንገድ ዓይነት ይመረጥ፤ በድንጋያማ መንደር የማይሄድ ዊልቸር የቤት ዕቃ ሆኖ ይቀራል።

5. መመዘኛዎቻችን የእኛን ኑሮ ይምሰሉ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎችም ቋንቋዎች የንግግርና የአእምሮ ሥራ መመዘኛዎችን ያዘጋጁ። ለዚህ ሥራ የምርምር በጀት ይመደብ። የቋንቋ ሊቃውንትና ሕሙማኑ ራሳቸው ከመጀመሪያው አብረው ይሥሩ።

6. ወደ ሥራ መመለስ የዕቅዱ አካል ይሁን። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል። አእምሮው ቶሎ የሚደክም ሠራተኛ የሚያስፈልገው ማመቻቸት አጭር የሥራ ሰዓት፣ ጸጥ ያለ ክፍልና በጽሑፍ የተሰጠ ትእዛዝ ሊሆን እንደሚችል ለአሠሪዎች የሚያስረዳ መመሪያ ይውጣ።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን በመላ አገሪቱ ጀምሩ አልልም። በተወሰኑ ሆስፒታሎች ተጀምሮ፣ በስድስተኛው ወርና በዓመቱ መጨረሻ ስንቱ ሰው ከመረጠው ግብ እንደደረሰ ተቆጥሮ፣ ውጤቱም ለሕዝብ ተገልጾ ይስፋ። መለኪያው ስንት ሰው ወደ ክሊኒኩ መጣ የሚለው አይሁን። ስንት ሰው ብቻውን መጸዳጃ ቤት መሄድ ቻለ፣ ስንት ሰው ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ስንት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች ተብሎ ይቆጠር።

ለአስታማሚዎችም አንድ ቃል አለኝ፤ የመሥሪያ ቤቶቹ መልስ እስኪመጣ ሕሙማኑ በእጃችሁ ናቸውና። የሰለለውን ክንድ ይዛችሁ ሰውን አታንሱ፤ ለወጌሻም እንዲጎተት አትስጡ፤ ደካማ ትከሻ በቀላሉ ከቦታው ይወጣል፣ ሕመሙም ለረዥም ጊዜ ይቀራል። ጋደም ላለ ሰው አጥሚትም ሆነ ውኃ አታጠጡ፤ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ሲውጥ ካሳለው ወይም ድምፁ ውኃ ያዘለ ከመሰለ ሐኪም ጠይቁ። የማይንቀሳቀስ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ይለወጥ። ቃል የጠፋበትን ሰው ቀስ ብላችሁ በአጭር ዓረፍተ ነገር አናግሩት፣ ለመልሱም ጊዜ ስጡት። ጸበል መውሰድ፣ ዱዓ ማድረግ የእናንተ ነው፤ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡበት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ለውጡ ፈጣን ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢዘገይም አይቆምም፤ "ያለፈው አለፈ" የሚላችሁን አትስሙ። በሚቀጥለው ቀጠሮ "የዚህ ሰው ዕቅድ የት አለ?" ብላችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

ክቡራንና ክቡራት፣ እኔና የሙያ ባልደረቦቼ ለዚህ ሥራ ጊዜያችንን፣ ልምዳችንንና ያዘጋጀናቸውን ቅጾች ይዘን ለመምጣት ዝግጁ ነን። የምንጠብቀው የሦስታችሁን መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አግኝተን የመጀመሪያዎቹን ሆስፒታሎችና የሚጀመርበትን ቀን መወሰን ነው። ደብዳቤውን በአደባባይ የጻፍኩት መልሱም በአደባባይ እንዲሰጥ ነው፤ ዕቅዱን የሚጠብቁት ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው የተሰጣቸውን ቀን ማወቅ ይገባቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣

አንጎላቸው ከተጎዳ ሰዎች ጋር የሚሠራ ፊዚዮቴራፒስት
አዲስ አበባ